አሥራ ዘጠኝ ላይ የሚቆመው ኮምፒዩተር

መምህር ጎሹ አልለቅም ብሎ የሙጥኝ ያለው አንድ አሮጌ የብሬል ማተሚያ ነበር። ማተሚያው ሁለት ጎልማሳ ካልተጋገዘበት ከጠረጴዛ የማይነሣ፣ ክዳኑ ባንድ ጎኑ የተሰነጠቀ፣ ቀለም የሚባል ነገር በዘመኑ ቀምሶ የማያውቅ መሣሪያ ነው፤ ወፍራም ወረቀት እየሳበ፣ በመርፌዎቹ ነጥብ እየወጋ፣ ዐይን ለተነፈገ አንባቢ በጣት የሚዳሰስ ፊደል ያወጣል። ከአሶሳ ከተማ ዳር ባለው በዚያ ትምህርት ቤት ሌላ እንዲህ ያለ መሣሪያ አልነበረም። ዘንድሮ «ወደ መጋዘን ይግባ» የሚል ቃል ሦስት ጊዜ መጥቶበታል፤ ጎሹም ሦስቱንም ጊዜ በትሕትና አዳምጦ፣ በትሕትና እንቢ ብሏል።

የጎሹን ዐይን የወሰደው ኩፍኝ ነው። ወላጆቹ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተነሥተው፣ ከቁጥር በቀር ስም ካልወጣለት የሰፈራ መንደር ሲገቡ እሱ የአምስት ዓመት ልጅ ነበር። በዚያው ክረምት በሽታው መንደሩን ቤት ለቤት ዞረው፤ ከእነጎሹ ጎጆ ታናሽ እኅቱን ወሰደ፤ ከእሱም ብርሃኑን ወስዶ ነፍሱን ተወለት። አባቱ መሬት ሲመነጥሩ ውለው ማታ «ይህ ልጅ በምን ይበላል?» እያሉ ሁለት ዓመት ያህል ከቆዘሙ በኋላ፣ በሰው በሰው አፈላልገው ሩቅ አገር ካለ የዐይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት አስገቡት። ከዚያ ኮሌጅ ዘለቀ፤ መምህርም ሆነ። ሌላ ከተማ ቢመደብ ተሟግቶ፣ አመልክቶ፣ ደጅ ጠንቶ ወደ አሶሳ ተመለሰ። ምነው ተመለስክ ሲሉት «መንገዱን እግሬ ያውቀዋል» ይል ነበር።

ሲመለስ ብሬል የሚያትም ነገር አልነበረም። ስለዚህ ለዐይነ ስውራን ተማሪዎቹ የሚያስፈልገውን ገጽ ሁሉ፣ በብረት ገበታ ላይ ወረቀት አስሮ፣ በወስፌ አንድ በአንድ እየወጋ ስድስት ዓመት ጻፈ። አንድ የታሪክ ምዕራፍ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል፤ የቀኝ እጁ አንጓም ዛሬ ድረስ ዝናብ ሊመጣ ሲል ይነግረዋል። ማተሚያው ከአንድ በጎ አድራጊ ማኅበር በስጦታ የመጣለት ከዚያ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሁለት ሳምንት ያደክመው የነበረው ምዕራፍ በአንድ የእረፍት ደወልና በሌላው መካከል ወጥቶ አለቀ። ጎሹ ያን ቀን ወረቀቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ ይባላል።

እንግዲህ መከራው የመጣው በመጋቢት መጨረሻ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኃይሉ በርትቶ፣ ማተሚያውን የሚያዝዘውን አሮጌ ኮምፒዩተር አቃጠለው። ማተሚያው ተረፈ። ትምህርት ቤቱ በእርዳታ ካገኛቸው ዐሥር አዳዲስ ኮምፒዩተሮች አንዱ ለጎሹ ክፍል ተሰጠ፤ ነገር ግን አዲሱ ኮምፒዩተር የአሮጌውን ማተሚያ ሰፊ ገመድ የሚቀበል ቀዳዳ አልተበጀለትም። በባጃጅ መቆሚያው አጠገብ የጥገና ሱቅ ያለው እዩኤል ከአዲስ አበባ አንዲት ትንሽ ካርድ አስመጣ። ካርዷ ከኮምፒዩተሩ ሆድ ውስጥ ተሰክታ ከበስተኋላው ለገመዱ ቀዳዳ ታበጃለች። እዩኤል ሰካት፤ የምትሠራበትን ፕሮግራምም ጫነ። ማተሚያው ወዲያው ሁለት ገጽ አወጣ፤ ጎሹም ዳስሶ መረቀው።

በማግሥቱ ጠዋት ኮምፒዩተሩ አልነሣም አለ። መብራቱ ይበራል፤ ምልክቱ ስክሪኑ ላይ ይመጣል፤ ከሥሩ አንዲት ትንሽ ክብ መዞር ትጀምራለች፤ ጥቂት ዞራ ቀጥ ትላለች። ከዚያ ወዲያ ቢጠብቁትም ቢማጸኑትም ንቅንቅ የለም።

እዩኤል ወሰደው፤ ያለውን ሁሉ ደምስሶ እንደ አዲስ ጫነው፤ ሱቁ ውስጥ ደግሞ ደጋግሞ አስነሣው፤ ተነሣ። መልሶ አመጣው፤ የካርዷን ፕሮግራም በመጨረሻ ጫነላት፤ ማተሚያው ሠራ። በማግሥቱ ጠዋት ቀጥ። ሁለተኛ ዲስኩን ለወጠ፤ ከሰዓት በኋላ ሠራ፤ በማግሥቱ ቀጥ። ሦስተኛ ሚሞሪውን ለወጠ፤ እንደዚያው። በአሶሳ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚከሰሰው መብራት ነው፤ ክሱም ብዙውን ጊዜ እውነት ስለሚሆን ለተከሳሹ ጠበቃ የሚቆምለት የለም። «ሱቄ ይሠራል፤ ትምህርት ቤት ይሞታል፤ ሌሊት የሚመጣው መብራት ነው የሚገድለው» አለ እዩኤል። ሁሉም አመነው። ኃይል የሚያመጣጥን መሣሪያ ተገዛ። ማተሚያውም አደጋ እንዳያገኘው እዩኤል በመጣ ቁጥር ከመብራት እየተነቀለ ጥጉ ላይ ተሸፍኖ ይቆይ ጀመር።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ጎሹ የት ነበር? ከትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር። ታላቅን ማክበር፣ መምህርን ማክበር፣ ዐይነ ስውርን መርዳት ሦስቱም በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ፣ ያ ሰው ከገዛ ጉዳዩ ይርቃል። እዩኤል በመጣ ቁጥር ክንዱን ይዞ፣ «ጋሽ ጎሹ፣ እርስዎ አይድከሙ፤ እዚህ ጥላው ሥር ይቀመጡልኝ፤ ሲያልቅ እጠራዎታለሁ» እያለ ያስቀምጠዋል፤ ለስላሳ ይከፈትለታል፤ ወንበሩ እንኳ ከርእሰ መምህሩ ቢሮ የመጣ ነው። ጎሹም ይሉኝታ ይዞት ይቀመጣል። ልጁ በልግስናው የሚደክመውን «ቆይ እስቲ እኔ ልየው» ማለት አላምንህም የማለት ያህል ይከብዳል፤ ደግሞስ በምን ዐይኑ?

ጉዳዩ ግን የሚጠብቀው አልነበረም። የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ከጎሹ ተማሪዎች መካከልም ዘንድሮ የምትፈተነው ነዕማ ናት። ነዕማ አፏን በበርታ ቋንቋ የፈታች፣ አማርኛን በትምህርት ቤት የያዘችና በአነጋገሯ ወንዴና ሴቴውን የምታቀያይር፣ በሒሳብ ከክፍሉ ሁሉ የምትቀድም ልጅ ናት። ወረቀት ከቆመ ወዲህ የመልመጃው ጥያቄ የሚነበብላት በሰው አፍ ነበር። በግንቦት አጋማሽ፣ እዩኤል ለአራተኛ ጊዜ ለጥገና ሊመጣ በተቀጠረበት ጠዋት፣ በትሯን እያንኳኳች ከጎሹ ክፍል ደጃፍ ቆመች።

«መምህር፣ ኮምፒዩተር ተነሣች?»

«ገና ነው፣ ነዕማ።»

«እኅቴ ትላንት ሒሳብ አነበበልኝ። ‹ኤክስ ሲደመር ስድስት ሲካፈል ለሁለት› አለኝ። ስድስት ብቻ ነው የሚካፈል ወይስ ሁሉ ነው? እሱም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም። ወላሂ መምህር፣ በጣት ቢሆን አውቃለሁ።»

የጎደላት ቅንፉ ነው። ቅንፍ በብሬል ሁለት ምልክት ነው፤ ጣት ሲደርስበት ያውቀዋል። ከሚያነብ ሰው አፍ ግን ተንኖ ይቀራል፤ ፈተናም ላይ አንባቢው ዓረፍተ ነገሩን እንዴት እንዳሰበው ማንም አይጠይቀውም። ልጅቷ ከሄደች በኋላ ጎሹ የተዘጋጀለትን ወንበር ከማንጎው ሥር አንሥቶ፣ እየጎተተ ወደ ክፍሉ አስገባው።

እዩኤል ሲደርስ ደነገጠ። «ጋሽ ጎሹ! ምነው? ውስጡ እኮ አቧራ ነው።»

«አቧራውን አላየውም።»

እዩኤል መሳቅም አለመሳቅም ቸገረው። በዚህ መካከል የንብረት ክፍል ኃላፊው ቶሌራ ገባ። ቶሌራ የባምባሲ ሰው ነው፤ ከጎሹ ጋር በአንድ ዓመት ተቀጥረው አብረው ያረጁ፣ ካልተጎነታተሉ ሰላም ያሉ የማይመስላቸው ወዳጆች ናቸው።

«አቦ ጎሹ፣ ይህን ብረት መቼ ነው የምትቀብረው? ዕድሩን ልጥራ?»

«አንተን ከቀበርን በኋላ፤ ተራ አለው።»

«እኔማ ሳልሞት ፈተናው ያልፋል። ልጅቷ አንባቢ ይመደብላታል፤ ደንብ ነው። የአዲስ ማተሚያ ጥያቄ ጽፈናል።»

«ጽፈናል አልክ፤ መጥቷል አላልክም» አለ ጎሹና ፊቱን ወደ እዩኤል መለሰ። «ልጄ፣ ዛሬ ምንም አትለውጥ። ማተሚያውን ከገመዱ ጋር አገናኘው፤ መብራቱንም አብራለት። ከዚያ ኮምፒዩተሩን አስነሣና ዝም በል።»

«መብራቱ ቢጎዳውስ?»

«ከመጋዘን አይብስም።»

እዩኤል እጁን ወደ ማብሪያው ሲሰድድ የግንቦት ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ከዚያ በኋላ የሰው ድምፅ እንኳ በጩኸት ካልሆነ አይሰማም ነበር። ቶሌራ «ይኸው አምላክም ተወው እያለህ ነው!» ብሎ ጮኸ። ጎሹ እጁን በጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ፤ ዝናቡ እስኪያባራ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ አለፈ። በመጨረሻ ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ብቻ ሲቀር፣ «አሁን» አለ።

ማራገቢያው ተነሣ። አጭር የፉጨት ድምፅ ተሰማ። ጎሹ ከዚያ ጀምሮ በጣቱ ጉልበቱን እየመታ መቁጠር ያዘ። ዲስኩ ዶሮ መሬት እንደምትጭረው ይጭር ጀመር፤ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፤ ይበረታል፣ ይቀንሳል፣ ይበረታል። አሥራ ዘጠኝ ላይ ጥጉ ላይ ያለው ማተሚያ አንድ ጊዜ ጠቅ ብሎ ራሱን ወደ መነሻው መለሰ። በዚያችው ቅጽበት የዲስኩ ጭረት ተቆረጠ። ማራገቢያው ብቻ ቀረ።

«ክቧ የት ናት?» አለ ጎሹ።

«ቆማለች።»

«መቼ ቆመች?»

እዩኤል ዐይኑን ክቧ ላይ ተክሎ ነበር፤ ግን ምን ጊዜ እንደቆመች መናገር አልቻለም። «እንጃ፣ ጋሽ ጎሹ። ስትዞር ነበር… አሁን ደግሞ አትዞርም።»

«አጥፋና ድገመው።»

ደገመው። አሥራ ዘጠኝ፤ ጠቅ፤ ጸጥታ። ሦስተኛም እንደዚያው ሆነ። ቶሌራ እንኳ ሳያውቀው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ መቁጠር ጀምሮ ነበር።

ጎሹ አስረዳቸው። ማንኛውም ኮምፒዩተር ሲነሣ ከእሱ ጋር የተያያዘውን ሁሉ ስም እየጠራ ይቀሰቅሳል። ማተሚያው ሲጠራ ራሱን ወደ መነሻው መልሶ ጠቅ ይላል፤ ይህ የእሱ አቤት ማለት ነው። በተቃጠለው ኮምፒዩተር ጊዜ ከአቤቱ በኋላ ዲስኩ መጫሩን ይቀጥላል፤ ጥቂት ቆይቶም ጽሑፍ የሚያነብለት ድምፅ ይናገራል። በዚህኛው ግን ከአቤቱ ወዲያ ነገር የለም። «መብራት በሌሊት ቢገድለው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ አይሞትም ነበር። ይህ የሚሞትበትን ቦታ መርጧል።»

«እንግዲያው ገዳዩ ያው ብረትህ ነው!» አለ ቶሌራ። «በአፍህ መሰከርክ።»

«ሊሆን ይችላል» አለ ጎሹ ሳይቆጣ። «እንፈትነዋ። አንድ ነገር ብቻ፣ በአንድ ጊዜ። እዩኤል፣ ማተሚያውን አጥፋው፤ ሌላ አትንካ።»

ማተሚያው ጠፋ። ኮምፒዩተሩ ተነሣ፤ ጠቅታ የለም፤ ዲስኩ ግን አሥራ ዘጠኝ ላይ ተቆረጠ። ቀጥሎ ገመዱ ከበስተኋላው ተነቀለ፤ አሥራ ዘጠኝ። ቶሌራ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከዚያ እዩኤል የኮምፒዩተሩን ሽፋን ፈትቶ ካርዷን አወጣትና እንደገና አስነሣው። አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ፤ ዲስኩ መጫሩን ቀጠለ። አርባ አንድ ላይ ኮምፒዩተሩ ተናገረ። ቶሌራ አጨበጨበ።

«ካርዷ ናት» አለ እዩኤል፤ ፊቱ ቀልቶ። «አሁን ገባኝ። እንደ አዲስ ስጭነው የሚነሣው ፕሮግራሟ ገና ስለሌለ ነው። እዚህ አምጥቼ ፕሮግራሟን ስጭን ደግሞ ኮምፒዩተሩ ተነሥቶ ስላበቃ ትሠራለች። በማግሥቱ ሲነሣ ግን ከመነሻው ሊቀሰቅሳት ይሞክራል፤ እዚያ ላይ ይጣበቃል። እኔ ደግሞ ወር ሙሉ መብራቱን ሳማ ከረምኩ!»

«ካርዷ ታማ ይሆን?» አለ ጎሹ። «ወይስ ያልተስማሙ ናቸው?»

ይህን ለመለየት እዩኤል መጀመሪያ በሌላው መሰኪያ ሰካት፤ አሥራ ዘጠኝ። ከዚያ ወደ ሱቁ ይዟት ሄዶ፣ አንድ ደንበኛ ለጥገና ባስቀመጠው ሌላ ዐይነት ኮምፒዩተር ላይ ሞከራት። ከምሳ በኋላ ሲመለስ ባጃጁ ገና ሳይቆም እያወራ ነበር። ካርዷ ደኅና ናት፤ ስድስት ጊዜ ዘግቶ ስድስት ጊዜ አስነሥቶታል። የሸጠለትንም ሰው ደውሎ ጠይቆት ነበር፤ ሰውየውም ይህች ካርድ ከእንዲህ ያለው ኮምፒዩተር ጋር እንደማትስማማ ከሌላም ሰው ሰምቻለሁ ብሎታል። የሚስማማ ሌላ ካርድ አለ፤ የሚመጣው ግን ከውጭ ነው፤ መቼ እንደሆነ አይታወቅም።

«ስለዚህ ኮምፒዩተሩም ጤነኛ፣ ካርዷም ጤነኛ» አለ ጎሹ። «አብረው ግን አያድሩም። ቶሌራ፣ ከሌሎቹ አንዱን ስጠኝ።»

«ዐሥሩም የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ያው አሥራ ዘጠኝ ነው የሚሉህ። ጎሹ፣ በል እንግዲህ ደስ ይበልህ፤ ኮምፒዩተርህ ተነሥቷል፣ ይናገራል። ማተሚያውን መጋዘን እናስገባና እናሳርፈው።»

«መጋዘንህ ውስጥ ምን አለ?»

«ምን ይኖራል? የተሰበረ ወንበር፣ የሞተ ኳስ፣ ሊወገድ የተመዘገበ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር፤ ከእኔ ጋር የተቀጠረ።»

ጎሹ ከወንበሩ ተነሣ። «የገመድ ቀዳዳው ሰፊ ነው?»

ቶሌራ ምላሱን ነከሰ፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና መመለሻ አጣ። እዩኤል ግን የመጋዘኑን ቁልፍ ተቀብሎ እየሮጠ ሄዶ ነበር። ኮምፒዩተሩ ሲመጣ የሸረሪት ድር ለብሶ ነበር፤ ከሆዱም የአይጥ ጎጆ ወጣለት። በስተኋላው ግን ሰፊው ቀዳዳ ከነጥርሱ አብሮት የተወለደ ነው፤ ካርድ አያሻውም። እዩኤል አጸዳው፤ የጎደለውን ገመድና ፕሮግራም ሞላለት፤ አስነሣው። ጎሹ እንደገና ቆጠረ። ይኸኛው ሽማግሌ ስለሆነ ማተሚያውን የጠራው ሃምሳ ሁለት ላይ ነው፤ ማተሚያው አቤት አለ፤ ዲስኩም እያቃሰተ ቀጠለ፤ ቀጠለና ሥራውን ጨርሶ በገዛ ጊዜው አረፈ። እዩኤል ዘግቶ ሦስት ጊዜ መልሶ አስነሣው፤ ሦስቱንም ጊዜ ተነሣ። የነዕማን አንድ ገጽ መልመጃ ከፍላሽ አስገብቶ ላከው። ማተሚያው ወረቀቱን ሳበ፤ መርፌዎቹ ወረዱ። ጎሹ ገጹን ተቀብሎ በጣቱ ሄደበት፤ ሦስተኛው መሥመር ላይ ቅንፉን አገኘው።

ይሁን እንጂ እዩኤል እንደ ቀድሞው ደስ አላለውም። ድምፅ ማውጫውን ከዚህም ከዚያም ሞክሮ፣ የጆሮ ማዳመጫም ሰክቶ፣ በመጨረሻ ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሽ ጎሹ፣ የድምፅ ክፍሉ ሞቷል። ይህ ኮምፒዩተር ለእርስዎ አይናገርም። አሁን እኔ በዐይኔ እያየሁ ነው የላክሁት። እርስዎ ብቻዎን ሲሆኑ የት እንዳሉ፣ ምን እንደከፈቱ በምን ያውቃሉ?»

ቶሌራም የወዳጅነት ድምፁን አወጣ፤ በዚህ ጊዜ ቀልድ አልነበረበትም። «እውነቱን ነው፣ ጎሹ። ማየት አትችልም፤ እሱ ደግሞ አይነግርህም። በቀን አንድ ገጽ ሳታወጣ ራስህን ትጨርሳለህ። ሦስት ሳምንት ነው፤ አንባቢ ይመደብላት። ማተሚያውን ልቀቀው።»

ጎሹ ገጹን ለነዕማ በሚልክበት ፖስታ ውስጥ ከተተ፤ ወንበሩን ከዝምተኛው ኮምፒዩተር ፊት አስጠግቶ ተቀመጠ፤ ጣቶቹንም በቁልፎቹ ላይ ዘረጋ። እንዲህም አላቸው፦

«ድምፅ ባይኖረው ቁልፍ አለው። ጽሑፉን በሚናገረው ላይ አዘጋጃለሁ፤ በዚህ ላይ አሳትማለሁ። ከማብሪያው እስከ ማተሚያው ትእዛዝ የትኛው ቁልፍ ስንት ጊዜ እንደሚነካ እዩኤል አንድ በአንድ ይነግረኛል፤ እኔም በብሬል ጽፌ እዚህ ጠረጴዛ ላይ እለጥፈዋለሁ። ብሳሳት የሚበላሸው ወረቀት ነው፤ የተበላሸውን ጣቴ ይነግረኛል፤ እንደገና አሳትማለሁ። አዲሱ ማተሚያ በዚህ በር የገባ ቀን፣ ቶሌራ፣ አሮጌውን እኔው ራሴ መርቄ እሸኝልሃለሁ። እስከዚያ ነዕማ ሒሳብን በሰው አፍ አትማርም፤ ማተሚያውም ከዚህ ክፍል አይወጣም። አሁን ነገር አታብዙብኝ፤ የመጀመሪያው ቁልፍ የትኛው ነው?»